አሮጌው ብስክሌትና ቡትስ ለምን ዋጋ ያወጣሉ?

ያገለገለ ዕቃ ሁልጊዜ አይረክስም። በጃፓን የኬይሪን ውድድር የተነዳ ብስክሌት ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በኮኩራ ከተማ የተጀመረው ይህ ውድድር የውርርድ ገንዘብ አለበት። አሸናፊው በጉልበቱ እንጂ በመሣሪያው እንዳይረታ፣ በተለመደው የወንዶች ውድድር የሚፈቀደው «ኤን ጄ ኤስ» የሚል ማኅተም ያለበት የብረት ፍሬም ነው። ደረጃው ብዙም ስላልተለዋወጠ የ1980ዎቹ ፍሬም ዛሬም መለዋወጫ ያገኛል፤ ተወዳዳሪው የጣለውን የውጭ አገር ገዢ ያነሳዋል።

የቆዳ ቡትስም ሚስጥሩ ጥገናው ነው። «ጉድይር ዌልት» በተባለው አሠራር ላይኛው ቆዳና ሶሉ የሚገናኙት ዙሪያውን በተሰፋ ጠፍር በኩል ስለሆነ፣ ጫማ ሰፊው ቆዳውን ሳይነካ ያለቀውን ሶል ፈትቶ ይቀይራል። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው ግን ሶሉ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጫማውም አለቀ ማለት ነው። እጥፍ ዋጋ ወጥቶበት አራት እጥፍ ዘመን የሚያገለግል ጫማ፣ የጥገናው ወጪ ሳይታሰብ፣ በዓመት የሚያስወጣው የርካሹን ግማሽ ነው።

ሸማቹ ግን ይጠንቀቅ። በተጣበቀ ሶል ላይ ለዓይን ብቻ የሚደረግ ስፌት አለ። የብስክሌቱም ማኅተም ፍሬሙ ወድቆ እንዳልተጎዳ ዋስትና አይሰጥም፤ ከመክፈል በፊት ቧንቧውን በእጅ መዳሰስ ነው።