ይሉኝታና የሕዝብ ሥልጣን

በአማርኛችን ይሉኝታ የሚባለው ቃል «ሰዎች ምን ይሉኛል» ከሚለው አሳብ የወጣ ነው። ቃሉ ሁለት ወገኖችን ይዟል፤ አንደኛው የሚባልበት ሰው ሲሆን፣ ሁለተኞቹ የሚሉት ሰዎች ናቸው። ስለ ዐይን አውጣ ፖለቲከኛ በተነገረ ቍጥር የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ነውር የተገኘበት ባለሥልጣን መውረዱም ሆነ መቈየቱ በሁለተኞቹ፣ ይልቁንም በራሱ ወገኖች ፍርድ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር የነበሩት ጆን ፕሮፊሞ ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ስላላቸው ግንኙነት ወሬ በተነሣ ጊዜ፣ በማርች 1963 ምንም ነውር አልሠራሁም ሲሉ ለፓርላማው ቃላቸውን ሰጡ። በጁን ወር ግን መዋሸታቸውን አምነው ሹመታቸውንም የፓርላማ ወንበራቸውንም ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመናቸውን ያሳለፉት በምሥራቅ ለንደን በሚገኝ የበጎ አድራጎት ድርጅት በማገልገል ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ነገር ከሁለት ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በመጨረሻ የጣላቸው የተቃዋሚዎቻቸው ጩኸት ብቻ አልነበረም። ምርመራውን ለማሰናከል የተስማሙበት የተቀረጸ ንግግር በኦገስት 5 ቀን 1974 ይፋ በሆነ በሁለተኛው ቀን፣ ሴናተር ባሪ ጎልድወተርና ሁለት የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች ወደ ዋይት ሐውስ ሄደው በምክር ቤቱ የቀረላቸው ደጋፊ ጥቂት መሆኑን ነገሯቸው። ፕሬዚዳንቱም በማግስቱ መልቀቃቸውን ለሕዝብ አስታወቁ።

በሕግ በኩል ስንመለከተው ፕሬዚዳንትን መሻር እጅግ አስቸጋሪ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ከሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛው ሊፈርድበት ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ድምፅ አንድ ፓርቲ ብቻውን የሚያገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በተግባር ነገሩን የሚወስኑት የተከሳሹ ኀፍረትና የወገኖቹ ፍርድ ናቸው። ዐይኑን በጨው አጥቦ «አልሄድም» ያለውን ሰው፣ ወገኖቹ እስካልተለዩት ድረስ፣ የሚያስወጣው የለም።

ይህም በ1998 በግልጽ ታየ። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከአንዲት የዋይት ሐውስ ተለማማጅ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት በጃንዋሪ ክደው በኦገስት አመኑ። የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ከሰሳቸው፤ በፌብሩዋሪ 1999 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ግን ከ45ቱ ዲሞክራቶች አንድ እንኳ የፈረደባቸው አልነበረም። ያን ጊዜ የመሪ ጠባይ ከሥራው አይለይም እያሉ አጥብቀው ይከራከሩ የነበሩት ሪፐብሊካኖች ናቸው።

በኦክቶበር 2016 ዶናልድ ትራምፕ ስለ ሴቶች የተናገሩት የብልግና ቃል ሲሰማ ግን ተከራካሪዎቹ ቦታ ተለዋወጡ። የሕዝብ ሃይማኖት ምርምር ተቋም የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እንደ መዘገበው፣ በግል ሕይወቱ ነውር የሠራ ባለሥልጣን የሕዝብ ሥራውን በቅንነት ሊፈጽም ይችላል ያሉት ነጭ ወንጌላውያን ፕሮቴስታንቶች በ2011 ከመቶ 30 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 72 ሆኑ። በነዚህ አምስት ዓመቶች መጽሐፍ ቅዱስ አልተለወጠም። የተለወጠው፣ የሚፈረድበት ሰው የቆመበት ወገን ነው።

ይህ የአንድ ፓርቲ በሽታ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2019 በቨርጂኒያው ገዥ፣ በዲሞክራቱ ራልፍ ኖርተም የቀድሞ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ገጽ ላይ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ፎቶግራፍ ተገኘ። እሳቸውም መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቁ፤ በማግስቱ በፎቶግራፉ ያለሁት እኔ አይደለሁም አሉ። የፓርቲያቸው መሪዎች ይልቀቁ ብለው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ቦታውን በተራ የሚወርሱት ሁለት ዲሞክራቶች ስምም በሌላ ነገር ተነሣ፤ ከነሱ ቀጥሎ ተረኛው ሪፐብሊካን ነበር። ጩኸቱም ቀዘቀዘ፤ ገዥው ዘመናቸውን እስከ ጃንዋሪ 2022 ፈጸሙ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «መራጭ የሚመርጠው መነኵሴ ሳይሆን አስተዳዳሪ ነው፤ በአንድ ሰው ነውር ምክንያት አገሪቱን ለተቃዋሚ ማስረከብ ይገባልን?» ይል ይሆናል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። መራጭ ነውርን ከጥቅም ጋር ሊመዝን መብት አለው። ነገር ግን «በድሏል፤ ቢሆንም እንመርጠዋለን» ማለትና «አልበደለም» ማለት እጅግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሚዛኑን ይሰብራል። ሚዛኑን የሰበረ ወገን ነገ የባላጋራውን ጥፋት ሲከስ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ከመባል አያመልጥም። ባላጋራውም ይህን ስለሚያውቅ ማፈሩን ይተዋል፤ በዚህ ዐይነት ዐይን አውጣነት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይጋባል።

እኛ ተማሪዎች ነገ ፍርድ ቤት፣ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት የምንገባ ነን፤ ዛሬም ቢሆን በየማኅበሩ እንመርጣለን፣ እንመረጣለንም። ስለ አንድ ባለሥልጣን ጥፋት ስንከራከር ስሙን አንሥተን የምንጠላውን ሰው ስም እንተካበት፤ ፍርዳችን ከተለወጠ የፈረድነው በሥራው ሳይሆን በሰውየው ነው። «ምን ይሉኛል» ብሎ የሚፈራን ባለሥልጣን ለማግኘት፣ በመጀመሪያ ስለ ወዳጅም ስለ ጠላትም አንድ ቃል የሚናገሩ ሰዎች መኖር አለባቸው።