መርፌዋ የማትነግረን

ዲሽ ሲገጠም ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር አለ፤ ይኸውም የአነስተኛው መለኪያ መርፌ ጫፍ ደርሳ ሳለ ቴሌቪዥኑ ምንም ምስል አያሳይም። ሪሲቨሩ ተበላሽቷል ይባልና ሌላ ይገዛል። መርፌዋ ግን አልዋሸችም፤ የምትለካው ወደ ዲሹ የገባውን ጠቅላላ ኃይል ነው እንጂ ኃይሉ ከየትኛው ሳተላይት እንደመጣ አይደለም።

ስፔክትረም የሚያሳይ መለኪያ ይህንኑ ኃይል በየፍሪኩዌንሲው ዘርዝሮ ያቀርብልናል። አግድሙ መስመር ፍሪኩዌንሲ፣ ቋሚው በዲሲቤል የተለካ ኃይል ነው። እያንዳንዱ የሳተላይቱ ሥርጭት እንደ አምባ አናቱ የተደለደለ ጉብታ ሆኖ ይታያል።

በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኢትዮሳት ከተጠቀመባቸው ፍሪኩዌንሲዎች አንዱን፣ 11105 ሜጋኸርዝን፣ እንውሰድ። ኤልኤንቢው ከዚህ ላይ 9750 ስለሚቀንስ ጉብታውን የምንፈልገው 1355 ላይ ነው። ሲምቦል ሬቱ 45000 በመሆኑም የጉብታው ስፋት ወደ 45 ሜጋኸርዝ ሊጠጋ ይገባል። መለኪያው ለአግድሙ ፖላራይዜሽን የሚያስፈልገውን 18 ቮልት እየሰጠ፣ በቦታው ጉብታ ከሌለ ወይም ቀጫጭን ጉብታዎች ብቻ ከታዩ፣ ዲሹ ሌላ ሳተላይት ላይ አርፏል ብለን መጠርጠር አለብን።

በእኛ አስተያየት ከጉብታው ይልቅ ብዙ የሚናገረው በጉብታዎች መካከል ያለው ሸለቆ ነው። ከሸለቆው እስከ አናቱ ያለው ከፍታ ሲያንስ ዝናብ ሥርጭቱን በቀላሉ ያቋርጠዋል። በሸለቆው ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች ብቅ ካሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቋሚው ፖላራይዜሽን ሥርጭት እየሾለከ ነው። ያን ጊዜ ዲሹን መነካካት አያስፈልግም፤ ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ፣ ትንንሾቹ እስኪሰምጡ ድረስ፣ ቀስ እያሉ ማዞር ነው።

ጉብታው የትኛውን ጣቢያ እንደተሸከመ ግን ስፔክትረሙ አያነብም፤ ለዚያ ሪሲቨሩን ማገናኘት ግድ ነው።