«ልጄ ሃይማኖቱን ቀይሮ ይመጣብኛል?»

አንዲት የሰፈራችን እናት የልጃቸውን የቅበላ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ልጁ ቤልጂየም በሚገኘው የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ሊማር ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ልጃቸው «ካቶሊክ የሚለው ይኼ ነው» ብሎ ያሳያቸው ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉና «ሃይማኖቱን ቀይሮ ይመጣብኛል?» አሉኝ።

ስጋታቸው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። እኛ ዘንድ ካቶሊክ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ዐፄ ሱስንዮስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን እምነት ተቀብሎ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ የለቀቀው ንጉሥ። ይሁንና ያ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ሉቨን ተማሪን የሚቀበለው በውጤቱና በትምህርት ዝግጅቱ ነው፤ ካቶሊክ መሆን መስፈርት አይደለም። አንዳንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ አሜሪካ ያለው ኖትርዳም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻቸውን ሥነ መለኮት ያስተምራሉ። እሱ ግን ኮርስ ነው፤ ፈተና ይፈተኑበታል እንጂ አይጠመቁበትም።

«ምርምሩን ካህናት ይቆጣጠሩታል» የሚሉም አሉ። በዚያው በሉቨን ያስተምር የነበረው ዦርዥ ለሜትር ራሱ ቄስ ነበር። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በ1927 በሒሳብ አሳይቶ ጻፈ። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ያንን ሳይንስ የፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ፣ ለሜትር አልወደደውም፤ ሳይንሱና እምነቱ እንዲህ እንዲደባለቁ አይፈልግም ነበር።

ገደብ የለም ግን አልልም። የካቶሊክን ሥነ መለኮት ለማስተማር የቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ቄስ ቻርልስ ከራን፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያና ስለ ፍቺ በያዙት አቋም ቫቲካን በ1986 የካቶሊክን ሥነ መለኮት እንዳያስተምሩ ወሰነባቸው። ፍርድ ቤት ሄደው ተሟገቱ፤ አልረቱም። ይህን መደበቅ ውሸት ይሆናል። ገደቡ ግን የድልድይ ስሌት የሚሠራ ልጅ ዘንድ አይደርስም።

ለእኚህ እናት ከሁሉ አስበልጬ የነገርኳቸው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ነገር ነው። በደርግ ዘመን በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት እኚህ ሰው፣ በ1976 ሚኒሶታ ውስጥ የቤኔዲክት መነኮሳት ባቋቋሙት በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። ኦርቶዶክስ ሆነው ገቡ፤ በ2021 እስኪያርፉም ኦርቶዶክስ ነበሩ። ሥራቸው ደግሞ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው መጻሕፍት ነበሩ።

እዚህ ላይ ሌላ ወሬ አለ፤ «ብራናዎቻችንን ፈረንጅ ወሰዳቸው» የሚል። በሌላ ቦታ የተዘረፉ አሉ፤ ቁጭቱም የእኔም ነው። ጌታቸው የሠሩባቸው እነዚህ ግን አልተወሰዱም። ከ1973 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር፣ ከየገዳሙና ከየደብሩ የመጣው መጽሐፍ ፎቶ ተነሥቶ ለባለቤቱ ይመለስ ነበር። ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ ተቀመጠ። እንዲህ የተነሡት ከ8,000 በላይ ናቸው።

ፊልም ብቻውን ግን አይናገርም። አንድ ሰው የፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ፣ የደበዘዘ ግእዝ እያነበበ፣ ይህ ገድል ነው፣ ይህ ተአምረ ማርያም ነው ብሎ መለየት አለበት። የወንጌሉ ኅዳግ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ የጉልት ስጦታ ካገኘ፣ የንጉሡን ስም ይዞ ዘመኑን ያወጣል፤ ከዚያ ቀጣዩን ቅጠል። የመጀመሪያዎቹ 5,000 መጻሕፍት በ10 ቅጾች ተዘርዝረው ታትመዋል፤ የአብዛኞቹ ቅጾች አዘጋጅ ጌታቸው ናቸው። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን «ጦማረ ትስብእት» ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ያሳተሙት በ1991 ሲሆን፣ መጽሐፉ የወጣበት ተከታታይ ኅትመት የሁለት ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ንብረት ነው፤ አንዱ የዋሽንግተኑ፣ ሌላው የሉቨን።

እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ። «እኚህ ሰው ያነበቡት የኛን ተአምረ ማርያም ነው?» አሉኝ። አዎ፣ እሱኑ ነው።