ቤት የሚሠራ ሰው የሚኖርበትን ያስብ

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ነገር ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ቤት ማለት ግድግዳና ክዳን ብቻ አይደለም። ልጅ የሚወለድበት፥ እንግዳ የሚያድርበት፥ ዝክር የሚዘከርበት፥ በመጨረሻም አስከሬን የሚወጣበት ስለ ሆነ፥ ቤት ሠሪ ድንጋዩንና ሲሚንቶውን ከመቍጠሩ አስቀድሞ የሚኖርበትን ሰው ሊያስብ ይገባዋል። ይህንንም ለመረዳት አንድ የቡሬ ገጠር ሽማግሌ በአዲስ አበባ ያዩትን መመልከት ይበቃል።

እኒህ ሽማግሌ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከቡሬ ተነሥተው፥ በማንኩሳ፥ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ አልፈው፥ ደብረ ማርቆስን ተሻግረው፥ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። ልጃቸው የምትኖረው በከተማው በደቡብ ምዕራብ በኩል፥ ጀሞ በሚባለው ሠፈር፥ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሳንሰር ስለሌለው ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፥ በሌላው የደረጃውን ድጋፍ ይዘው፥ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ያመጡትንም አንድ ከረጢት የቡሬ በርበሬ አንድ የማያውቁት ጐልማሳ ተሸክሞ ከበሩ አደረሰላቸው።

ከገቡም በኋላ በሰገነቱ ቁመው ቢመለከቱ፥ ሕንፃው እንደ እርሻ ትልም በመስመር ተሰልፎ፥ መስኮቱም እንደ ንብ እንጀራ ተደራርቦ አዩ። «ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ክዳን ሥር ያድራልን?» ብለው ተደነቁ። ጥቂት ቆይተው ግን «ልጄ፥ በርበሬውን የት ታሰጪዋለሽ? ከበላይሽስ የሚኖረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸውም «በርበሬውን በዚሁ በሰገነቱ አሰጣዋለሁ። ከበላዬ የሚኖረውን ሰው ግን ፊቱን እንጂ ስሙን አላውቀውም፥ አባቴ» ብላ መለሰች። ሽማግሌውም ዝም አሉ። ዝምታቸውም ከነቀፋ የበለጠ ነበር።

ይህ ዐይነት አሠራር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ ብዙ ከተማ ፈርሶ ሕዝቡ ቤት ባጣ ጊዜ፥ ለ ኮርቡዚዬ የሚባለው በስዊስ አገር የተወለደ የሕንፃ ሊቅ፥ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1947 እስከ 1952 ድረስ 18 ፎቅ ያለውና 337 መኖሪያ የያዘ አንድ ታላቅ ሕንፃ አሠራ። ሱቆቹን በሕንፃው ወገብ፥ የሕፃናቱን መዋያ በጣራው ላይ አደረገ። አሳቡም አንድን መንደር ወደ ላይ አቁሞ፥ በዙሪያው ያለውን መሬት ለዛፍና ለአየር መተው ነበር። ሕንፃው በፈረንጆች በ2016 ከዓለም ቅርሶች መካከል ተመዘገበ፤ እስከ ዛሬም ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ይጐበኙታል።

ነገር ግን ይኸው ሊቅ በፈረንጆች በ1936 ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘች ጊዜ፥ ለአዲስ አበባ አዲስ ንድፍ ነድፎ ለኢጣልያ መንግሥት አቅርቦ ነበር። ንድፉም የነበረችውን ከተማ እንዳልነበረች ቈጥሮ፥ በባዶ ወረቀት ላይ እንደሚሠመር መስመር የተሠመረ ነበረ፤ ሳይፈጸምም ቀረ። ከዚህም ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ፥ ቤቱ ለማን እንደሚሠራ ያልጠየቀ ሊቅ ከመንገድ እንደሚስት ማስተዋል ይቻላል።

ጣልያኖች ግን በአምስቱ ዓመት ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው በአዲስ አበባ ቤት አሠርተው ነበር። ካዛንቺስ የሚባለው የሠፈር ስም የወጣው፥ ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት በአኅጽሮት ኢንቺስ ይባል ስለ ነበረ፥ «የኢንቺስ ቤቶች» ከሚለው የጣልያንኛ አነጋገር ነው። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን ገብተው ኖሩበት፤ ልጅ ወለዱበት፤ እድርና ማኅበር አቆሙበት። የሠፈሩም ብዙ ክፍል በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወሩ። መንገድ ሊሰፋ፥ ያረጀ ቤትም ሊታደስ ይገባል። ነገር ግን አልጋና ሣጥን በመኪና ተጭኖ ሲሄድ፥ የጉርብትና ፍቅር እንዲሁ ተጭኖ እንደማይሄድ ሹማምንቱ ሊያስቡት የሚገባ ነው።

ሽማግሌው ያዩት የጋራ ቤት ታሪኩ ቅርብ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በወጣ ጊዜ፥ ሰው በአንድ ሕንፃ ውስጥ የራሱን ክፍል በግሉ፥ ደረጃውንና ግቢውን ከጎረቤቶቹ ጋራ በአንድነት ይይዝ ዘንድ ሕግ ተሠራለት። ከዚያም በቦሌ ገርጂ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ርዳታ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። የወለሉ ተሸካሚ በፋብሪካ እንደሚወጣ ዕቃ አስቀድሞ እየተሠራ፥ ግድግዳው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት እየተገነባ፥ ወጪው ቀነሰ። የተባበሩት መንግሥታት የሰው ሠፈር ድርጅት በፈረንጆች በ2011 ባወጣው ጽሑፍ፥ በመላው ኢትዮጵያ ወደ 171 ሺህ የሚጠጋ ቤት መሠራቱን ገልጿል። ዕጣ ሲወጣም ከመቶ 30 እጁ ለሴቶች ተለይቶ ነበር። ከጭቃ ቤት ወጥቶ የራሱን ውሃና መጸዳጃ ያገኘ ሰው ብዙ ነውና፥ ይህን ሥራ ማቃለል ከቶ አይገባም።

ከዚህም በላይ አሠሪዎቹ የአገሩን ልማድ ፈጽመው አልዘነጉትም። በየሕንፃው አጠገብ እንጀራ የሚጋገርበት፥ ልብስ የሚታጠብበት፥ ለበዓል ከብት የሚታረድበት የጋራ ቤት እንዲቆም አዘዙ። ዳሩ ግን በአንዳንድ ስፍራ ይህ ቤት ከታሰበለት አገልግሎት ወጥቶ ለሌላ ጉዳይ ዋለ።

የዚህም ቤት ጥቅም ለሽማግሌው የተገለጠላቸው በእንግድነታቸው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከበላይ የሚኖረው ያ ስሙ ያልታወቀው ሰው እናቱ ሞቱበት። አስከሬኑን በደረጃው መታጠፊያ ለማዞር ጐልማሶቹ እጅግ ተቸገሩ፤ ሣጥኑን ማጋደምም አይቻልምና ወደ ላይ አንሥተው በጭንቅ አሳለፉት። የንስሐ አባትም በጠባቡ ደረጃ ቁመው ጸሎቱን አደረሱ። ነገር ግን የሕንፃው እድር ድንኳኑን በሁለቱ ሕንፃ መካከል ተከለ፤ ሴቶቹም በጋራው ቤት ንፍሮውን ቀቀሉ፤ ከየፎቁ የወረደው ሕዝብ ሦስት ቀን ሙሉ ከሐዘንተኛው አልተለየም። ሐዘንተኛውም፥ በመጡበት ቀን ከረጢታቸውን የተሸከመላቸው ጐልማሳ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌውም አብረው ተቀምጠው አስተዛዘኑ። ማታም ለልጃቸው «ደጁ ጠበበ እንጂ ሰዉስ አለ» አሏት። ሊሰናበቱም በተነሡ ጊዜ «እኔ ወደ ደጄ እመለሳለሁ፤ አንቺም ከእንግዲህ የጎረቤትሽን ስም ሳታውቂ አትደሪ» ብለው መከሯት።

ሽማግሌው በተመለሱበት መንገድ የሚያገኟቸው የጎጃም ከተሞችም እያደጉ ናቸው። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ተብሎ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ነው። ቡሬም ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ስትሆን፥ በ2013 ዓ.ም. የግብርና ውጤት የሚዘጋጅበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ሠራተኛ ወደሚፈለግበት ስፍራ ሰው ይመጣል፤ የመጣውም ሰው ማደሪያ ይሻል። ለእያንዳንዱ ሰፊ ግቢ ይሰጥ ቢባል፥ በቆሎ፥ ጤፍ፥ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅለው ለም መሬት በቤት ተሸፍኖ ያልቃል። ስለዚህ ወደ ላይ መሥራት ለእነዚህም ከተሞች የማይቀር ነው።

ነገር ግን የአዲስ አበባው ሕንፃ እንዳለ ተገልብጦ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ይቁም ማለት አይደለም። የደረጃው መታጠፊያ አስከሬንና ነፍሰ ጡር ያለ ጭንቅ የሚያሳልፍ ይሁን። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ከምድር ቤት ይደልደል። በርበሬና እህል የሚሰጣበት፥ ድንኳን የሚተከልበት ግቢ ከንድፉ ላይ አይሰረዝ። የጋራው ቤት በኪራይ ገንዘብ ተታሎ ከአገልግሎቱ አይውጣ። ንድፉም ሳይጸድቅ በፊት ሽማግሌዎች፥ ባልቴቶችና ካህናት ይጠየቁ፤ ከጸደቀ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ግድግዳ ያስፈርሳልና።

በጎጃም፥ በዋሸራ ቅኔ ያደገ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል፤ የቅኔው ስንኝ ራሱ ቤት ይባላልና። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፥ መወድስ በስምንት ቤት ይቆማል። ቃሉ ያማረ ቢሆን እንኳ ምጣኔው ከጐደለ ቤቱ ተበላሸ ይባላል። ሰሙ ሞልቶ ወርቅ የሌለበትም እንደሆነ ጉባኤው አይቀበለውም። እንዲሁም በከተማ ሕንፃ ግድግዳው ሰም ነው፤ ወርቁ በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ ፍቅርና መረዳዳት ነው።

እንግዲህ ሹማምንት ሰሙን አሳምረው ያቅርቡ፤ ለወርቁም የሚሆን ስፍራ ይተዉለት። ካህናትም በየፎቁ የተበተነውን ምእመን በስም እየጠሩ፥ ጎረቤቱን ከጎረቤቱ ጋራ ያስተዋውቁ። እንዲህ ከሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም የሚቆመው ሕንፃ ሰው የሚያድርበት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ይሆናል።