«ትሬለር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

በሽንፋ ወይም በጎንደር–መተማ መንገድ «ትሬለር» ቢባል፣ ሰሚው የሚያስበው የጭነት መኪናን ተሳቢ ነው፤ በሰዋስው ደግሞ «ተሳቢ» የግሡ ድርጊት የሚያርፍበት ስም ነው። የፊልሙ «ትሬለር»ም ስሙን ያገኘው ከመከተል ነው፤ በመጀመሪያ የሚታየው ከዋናው ፊልም በኋላ ነበርና። ዛሬ ቀድሞ ስለሚታይ «ተሳቢ» ብሎ መተርጐም ነገሩን አያስረዳም። «ማስታወቂያ» እጅግ ሰፊ ነው፤ የሳሙናውንም የጨረታውንም ይጠቀልላል። እኛ «ቅምሻ»ን እንመርጣለን፤ ቀማሽ ጣዕሙን ይለያል እንጂ አይጠግብም።

ምርጫው አስፈሪ ፊልም ለሚሠሩ ተማሪዎችም ይበጃል። አማርኛችን ድንጋጤንና ሥጋትን ይለያል፤ ድንጋጤ በድንገት ለደረሰው፣ ሥጋት ገና ላልመጣው ነው። ሂችኮክ በ«ሳይኮ» (1960 እ.ኤ.አ.) ቅምሻ ተመልካቹን ራሱ እየመራ፣ እየቀለደም፣ ቤቱን ያስጐበኛል፤ ጩኸቱ የሚሰማው በመጨረሻ፣ ያውም ለአፍታ ነው። የ«ኤሊየን» (1979 እ.ኤ.አ.) ቅምሻ ደግሞ ጭራሽ ንግግር የለበትም። ሁለቱም ሥጋትን ያበዛሉ፤ ድንጋጤን ይቆጥባሉ። ተማሪው ሊቀዳ የሚገባው ይህን መጠን እንጂ ምስሉን አይደለም። የቆላው ተማሪ ባዕድ ቤት መፈለግ አያሻውም፤ በሌሊት መንገድ ዳር የቆመ፣ መብራቱ የበራ፣ ሾፌሩ የማይታይ ባለ ተሳቢ መኪና ይበቃዋል። ሾፌሩ የት እንደ ገባ የሚነገረው በፊልሙ ነው።