ስለ መድኀኒት አሰጣጥና ስለ ነርስ ተጠያቂነት

ሐኪም ያዘዘው፣ ፋርማሲስት ያዘጋጀው መድኀኒት በመጨረሻ ከሕመምተኛው ሥጋ ጋር የሚገናኘው ብዙውን ጊዜ በነርስ እጅ ስለ ሆነ፣ ነገር በተበላሸ ጊዜ የሁሉም ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው በዚያች እጅ ላይ ነው። ስሕተቱ የነርሷ ነው ወይስ ያሠራት ሥርዓት የወለደው የሚለው ክርክር በሐኪሞችና በሕግ ዐዋቂዎች መካከል ሳይቋጭ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ከመፍረድ በፊት ግን መድኀኒት ከሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን በጥቂቱ ማወቅ ይገባል።

በአፍ የተዋጠ ክኒን ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ በጉበት በኩል ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት፣ ከኀይሉ ከፊሉን በዚያ ትቶ ያልፋል፤ በደም ሥር የተሰጠው ግን ይህን ኬላ ሳይነካ በቅጽበት ልብና አንጎል ይደርሳል። ስለዚህም በአፍ የሚሰጠው የሞርፊን መጠን በደም ሥር ከሚሰጠው ሦስት እጥፍ ያህል ነውና፣ መንገዱን የሳተ መጠኑንም ስቷል። የፖታሲየም ክሎራይድ ነገር ከዚህም ይብሳል፤ በጨው ውሃ ተበርዞ በዝግታ ሲንጠባጠብ ሕይወት የሚያድነው ይኸው መድኀኒት፣ ሳይበረዝ በሲሪንጅ ቢገፋ ልብን ቀጥ ያደርጋል፤ መልኩም ከንጹሕ ውሃ አይለይም።

ለዚህ ሁሉ መጠበቂያ እንዲሆን የነርስ ተማሪዎች እንደ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር በቃላቸው የሚይዟቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኀኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድና ትክክለኛው ሰዓት ናቸው። ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን በአንድ ክፍል ሁለት አልማዝ ከበደዎች ተኝተው በሚገኙበት አገር፣ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ካልተጨመረ በቀር ሕመምተኛዋ ታወቀች አይባልም፤ «እማማ፣ አልማዝ ነዎት?» ተብላ የተጠየቀች ትኩሳት ያናወዛት ሴት ለማንኛውም ጥያቄ «አዎ» ትላለችና፣ «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ ከራሷ አፍ መስማት ይሻላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ጧት 6 ብሎ የጻፈውን ነርሷ በአገራችን አቆጣጠር ብታነበው ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ለአንዳንዱ ክኒን ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችል ይሆናል፣ ከምግብ ጋር ለተመጠነ ኢንሱሊን ግን ሕመምተኛውን ራሱን ሊያስት የሚችል ልዩነት ነው። ግማሽ ሚሊግራምን ዜሮ ሳያስቀድሙ በነጥብና በአምስት ብቻ መጻፍም፣ ነጥቡ በደበዘዘ ጊዜ መጠኑን አሥር እጥፍ ያደርገዋል።

እነዚህ አምስቱ መድረሻውን ይናገራሉ እንጂ መንገዱን አያሳዩም፤ ጽሑፉ ለማይነበብ ትእዛዝ፣ ለሚመሳሰል ብልቃጥ፣ በአንድ ሌሊት ተረኛ ላይ ለሚቆለል የሕሙማን ብዛት መልስ የላቸውም። አሜሪካ ውስጥ በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የደረሰው ነገር ይህን ገልጦ አሳይቷል። ለምርመራ የተወሰደች የ75 ዓመት ሴት እንዳትጨነቅ ቨርሰድ የተባለ ማረጋጊያ ታዘዘላት፤ ነርሷም በመድኀኒት ማውጫው መሣሪያ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጻፈች። መሣሪያው መድኀኒቱን ሚዳዞላም በሚለው ሌላ ስሙ ስለ መዘገበው ሳታገኘው ቀረች፤ ክልከላውን አልፋ በድጋሚ ስትፈልግም በእነዚያው ሁለት ፊደላት የሚጀምረው ቬኩሮኒየም ወጣላት። ይህ ጡንቻን ሁሉ፣ የመተንፈሻውንም ጭምር፣ የሚያሰናክል እንጂ የሚያረጋጋ አይደለም፤ ሴቲቱም በማግሥቱ አረፈች።

እዚህ ላይ ለነርሷ የሚከራከሩት ወገኖች ቸኩለው የሚያልፉት ነገር ያለ ይመስለኛል። ቨርሰድ ፈሳሽ ነው፤ ቬኩሮኒየም ግን በውሃ መበጥበጥ ያለበት ዱቄት ሲሆን፣ ጡንቻን የሚያሰናክል መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም በክዳኑ ላይ ነበረበት፤ ከዚያም ሁሉ በኋላ ሕመምተኛዋን አጠገቧ ቆሞ የሚከታተል አልነበረም። ይሁንና ነርሷ ስሕተቷን ሳትሸሽግ ራሷ ተናግራለች፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በቸልተኝነት ነፍስ በማጥፋት ጥፋተኛ ተብላ፣ በግንቦት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት በተፈረደባት ጊዜ፣ ብዙ ነርሶች የተቆጡት ስለ እርሷ ብቻ ሳይሆን፣ ከእንግዲህ ስሕተቱን በመዝገብ ላይ ደፍሮ የሚያሰፍር ማን ይገኛል በሚል ስጋት ነበር። ስጋቱ እውነት ነው፤ ያልተነገረ ስሕተት በሌላ ዋርድ፣ በሌላ ተረኛ እጅ ይደገማልና። የኬንተኪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ፣ ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ በደል ካልሆነ በቀር፣ የጤና ባለሙያ በሥራው ላይ ስላደረሰው ጉዳት በወንጀል እንዳይከሰስ ደንግጓል።

የኢትዮጵያ ሕግ ወደዚህ ገና አልተጠጋም። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ነፍስ ቢያጠፋ ቅጣቱን ያከብድበታል፤ ነርስ በስም ባትጠራም ከዚህ ግዴታ ውጭ ናት ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ይኸው ሕግ ቸልተኝነትን በአንቀጽ 59 ሲተረጉም፣ ከሰውዬው ዕድሜ፣ ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ አንጻር በዚያ ሁኔታ ሊጠበቅ የሚገባው ጥንቃቄ ምን እንደ ነበር ይመዘን ይላልና፣ በዚያ ሌሊት ለአንዲት ነርስ ስንት ሕመምተኛ እንደ ተመደበ፣ ያልተበረዘውም ፖታሲየም ከውሃው ብልቃጥ ጎን በአንድ መደርደሪያ ላይ ያደረው በማን ትእዛዝ እንደ ሆነ ለመጠየቅ ዳኛው አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም።