መስታወቱን ከማስቀየርዎ በፊት

የካቲት ሲገባ ጁባ ውስጥ ካስተም ገበያ አካባቢ፣ ሐበሻ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ፣ ከዶላር ምንዛሬ ቀጥሎ የሚነሳው ሙቀቱ ነው። ጁባ በዚህ ወቅት ቀን ቀን 38 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች፤ አንዳንዴም ታልፈዋለች። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በፌብሯሪ 2025 ደግሞ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን ሲስቱ እንደገና ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ ተደረገ። ታዲያ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ሰው መስኮቴን ላስቀይር ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ የሚሰጠው ምክር ነው፤ ግማሹ ከብርድ አገር የመጣ፣ ግማሹ ከሻጭ አፍ የተለቀመ።

«ድርብ መስታወት ቤት ያቀዘቅዛል» የሚለው ቀዳሚው ነው። ድርብ መስታወት የተስፋፋው ለብርድ ነው፤ ደጅ ከዜሮ በታች፣ ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለው አየር ሙቀቱ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ካስተም ውስጥ ግን በመስኮት በኩል ቤቱን በዋናነት የሚያግለው ፀሐዩ ራሱ ነው። ተራ ነጠላ መስታወት ካረፈበት የፀሐይ ሙቀት 85 ከመቶ ያህሉን ያስገባል፤ ድርብ ሲሆን 75 ከመቶ ገደማ። ለዚህች ልዩነት ነው እንግዲህ በኒሙሌ መንገድ ተጭኖ ለሚመጣ መስታወት ያ ሁሉ ዶላር የሚወጣው! ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን ያለው መስታወት ሌላ ነው፤ ጥሩው ሲሶውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ያሳልፋል። ሻጩን «ስንት ድርብ ነው?» ሳይሆን «ከፀሐዩ ሙቀት ስንት ከመቶ ያስገባል?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካጣ ገንዘብዎን ይያዙ። ኤሲ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ቢሮ ድርብነቱም ይጠቅማል፤ ጀነሬተር ማታ ማታ ብቻ ለሚነሳበት ግቢ ግን ትርፉ ትንሽ ነው።

«ወፍራም መጋረጃ ይበቃል» ይባላል። ፀሐዩ መጋረጃው ላይ ሲያርፍ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ የጋለው ጨርቅ መልሶ ክፍሉን ያሞቃል። ያው ጨርቅ ከመስኮቱ ውጭ ቢሰቀል አብዛኛው ሙቀት ደጅ ይቀራል። የጠቆረ መስታወትም ቢሆን ራሱ ይግላል፤ ከያዘው ሙቀት ከፊሉን ወደ ውስጥ ይሰደዋል።

ደግሞ ሁሉም መስኮት እኩል ጥፋተኛ አይደለም። ጁባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ወይም አናት አጠገብ ስለሆነች በሰሜንና በደቡብ ያለ መስኮት በቀላሉ ይጠለላል፤ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ላለው የደቡብ መስኮት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ እጅግ በምታዘነብልበት በታኅሣሥ እንኳ፣ 65 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክዳን የቀትሩን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። የምዕራቡ ግን ጉድ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ጎንበስ ብሎ ስለሚመጣ ለዚያው መስኮት ከ2 ሜትር ያላነሰ ክዳን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለምዕራብ መስኮት የሚያዋጣው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መከለያ ነው፦ የሸምበቆ ምንጣፍ፣ ሸራ፣ ወይም ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ የተተከለ ዛፍ። የብረት መዝጊያ ያለው ሰው ነጭ ቀለም ይቀባው፤ ጥቁሩ ማታ ድረስ እንደ ምጣድ ይግላል።

«መስኮት ቀኑን ሙሉ ካልተከፈተ ቤት ይታፈናል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በበጋ፣ ግድግዳው ወፍራም ብሎኬት ወይም ጡብ ከሆነና ኮርኒስ ካለው፣ ረፋድ ላይ ዘግቶ ፀሐይ ስትጠልቅ መክፈት ይሻላል፤ ሌሊቱ ወደ 24 ዲግሪ ስለሚወርድ ግድግዳው ሲበርድ ያድራል። ከቆርቆሮ ወይም ከኮንቴይነር የተሠራ ክፍል ግን ቀን ከተዘጋ ምድጃ ይሆናል። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ እርጥበቱ ስለሚያጣብቅ ዋናው ነገር የነፋስ መተላለፊያ ነው፤ አንድ ሰፊ መስኮት ካለው ክፍል በተለያየ ግድግዳ ላይ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ያሉት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚወደው ተንሸራታች አሉሚኒየም ሁልጊዜ ግማሹ ዝግ ነው፤ ቅጠል ቅጠል ሆኖ የሚከፈተው የድሮው መስታወት ነፋስ በማስገባት ይበልጠዋል። የትንኝ ወንፊቱ ነፋስ ቢቀንስም ወባ ባለበት ከተማ አይነሳም፤ ይልቅ አቧራውን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀና ብለው ኮርኒሱን ይዩ። እዚህ አገር ከማንኛውም መስኮት ይልቅ ፀሐይ የሚጠግበው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ለሌለው ክፍል የመስኮት ወጪ ማውራት ያለጊዜው ነው።

ካስተም ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ሐበሻ ተከራይ ነው። በራሱ ገንዘብ ያስገባውን መስታወት ሲለቅ ለአከራዩ ትቶ ይወጣል፤ በሚስማርና በገመድ የተሰቀለውን ሸራ ግን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይወስደዋል።